የቅርብ ጓደኛዎ ማን ነው?

አዲሶቹን ሠራተኞች የምታሠለጥነው ልጅ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ቀን ጥያቄ የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች በሳህን ታዞራለች፤ ሰዉም እየሣቀ ይተዋወቃል። የዛሬዎቹ ሠልጣኞች ስምንት ነበሩ። ሰባቱ ወንበራቸው ላይ ዘና ሲሉ፣ ለመጋዘን ጥበቃ የተቀጠሩት ሸበቶ ሰው ግን ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ጠዋት ስማቸውን ብቻ ስትጠይቃቸው የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ የተወለዱበትን ቀን ጭምር በአንድ ትንፋሽ ነበር የነገሯት።

ተራቸው ደርሶ ወረቀቱን ሲያነቡ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሁለት እጃቸውን ሰው እንዲያየው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«‹የቅርብ ጓደኛዎ ማን ነው?› ነው የሚለው» አለች ልጅቷ፣ ልታግዛቸው ብላ።

«ጓደኛ የለኝም» አሉ እንደ ተጠና ትምህርት። «ማንንም አላውቅም። ብቻዬን ነበርኩ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ፖሊስ ያዝዎት እንዴ!» አለ አንዱ። ሣቁ ክፍሉን ሞላው።

እሳቸው አልሣቁም። ዓይናቸው የሷን እጅ ይከተላል። ልጅቷ እስክሪብቶና ደብተር መያዟ ያን ጊዜ ታወቃት፤ ቀስ ብላ ወንበር ላይ አኖረቻቸው። ሣቁም ቀስ በቀስ ከሰመ።

«ጋሼ፣ እሱ ይቅር» አለች። «ይልቅ እርስዎ ይጠይቁን።»

ሰውዬው በሩን አዩ፤ መልሰው እሷን አዩ።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄ ሲያልቅ ወደየቤታችን ነው የምንሄደው?»