የበሯ ፈታሽ

ገርጂ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ኦቲዝም ያለባት አንዲት ተማሪዬ ሁለት ዓመት ሙሉ እጇን አስነክታኝ አታውቅም። እርሳስ ላስይዛት ስጠጋ ትጮሃለች። በር ላይ ለምትፈትሸው ሴትዮ ግን በየጠዋቱ ሁለት እጇን ዘርግታ ትቆማለች። ሕፃናት አይፈተሹም፤ ይቺ ግን ሳትፈተሽ አትገባም። ሴትዮዋ ኪሷን ዳሰስ ስታደርግላት ፈገግ ትላለች። እኔ ባለዲግሪዋ ቆሜ በቅናት አያለሁ።

አንድ ሰኞ አላስቻለኝም፤ ክፍሌ በር ላይ ቆሜ «ፍተሻ!» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ያዘችኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ ግቢውን አቋርጣ እየጎተተች ፈታሿ ፊት አቆመችኝ፤ እጆቼንም አስዘረጋችኝ። ሴትዮዋ እየሳቀች ስትፈትሸኝ፣ ልጅቷ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም።