የታላቅየዋ ድርሻ

ባንተአምላክ የልጅቱን ሞት የሰማው እንጅባራ ባለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቁ ውስጥ፣ ላፕቶፑን ገና እንደተቀበለ ነው። ክዳኑ ላይ «ፋና» የሚል ስም ተለጥፎ አየና «ባለቤቷ ራሷ ብትመጣ ይሻል ነበር» ቢል፣ ላፕቶፑን ያመጡት አባቷ «ጥቅምት ላይ ቀበርናት» አሉት።

ከጥሊሊ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው። ለሐዘን የተላጨው ፀጉራቸው ገና ማቆጥቆጡ ነው። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ ብለው፣ የጋቢያቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ መልሰው ይፈቱታል። ታናሽ እህቷ ለትምህርቷ ሊኑክስ የሚባለው ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ያስፈልጋታል፤ የሟቿ ዊንዶውስ ደግሞ እንዳለ እንዲቀመጥ ይፈልጋሉ።

«ዲስኩን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ክፉ አይታወቅም፤ መጀመሪያ የሷን ሌላ ዲስክ ላይ ልገልብጠው?»

«የሷን ማንም አይከፍትም። እኔም አልከፈትሁ። ከዳሩ ቆርሰህ ለታናሿ ስጣት፤ ብቻ የታላቅየዋን ድንበር እንዳትገፋባት።»

«አባቴ፣ እርሻ እኮ አይደለም!»

«እከፍላለሁ ያልኸው አንተው ነህ።»

ባትሪው የሞተ ነው፤ በመሀል መብራት ከሄደ የልጅቱ ሁሉ ነገር ሊጠፋ ይችላል። ሥራው እኩሌታ ላይ ሲደርስ አምፖሉ ደብዘዝ አለ። ሰውየው ሊወድቅ ያለ ሰው እንደሚደግፍ ሁሉ እጃቸውን ወደ ሶኬቱ ሰደዱ። አምፖሉ እንደገና ፈካ።

ሥራው አልቆ ላፕቶፑ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ ሁለት ምርጫ መጣ፤ ሊኑክስና ዊንዶውስ።

«የፋናን ከፍተን መትረፉን እንየው፤ ስሟ ብቻ ነው የሚወጣው» አለ።

ሰውየው ክዳኑን ቀስ አድርገው ዘጉት። «ይበቃል ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ።»

ላፕቶፑን በጋቢያቸው ከልለው ወደ ሚኒባሱ ሄዱ። የፋና ዊንዶውስ ይነሳ አይነሳ ሳይሞከር ቀረ።