የዘለልኳቸው ሁለት ኖታዎች

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ክር መወልወል ነበር። ባሻ ገሠሠ ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል በጡረታ ወጥተው ወረታ ላይ ትንሽ የሙዚቃ ቡድን ያቋቋሙ ሰው ናቸው። ማንዶሊኑን አቀበሉኝና ክሩን በደረቅ ጨርቅ እንድጠርግ አዘዙኝ። ክረምት ነበር፤ የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራ ሜዳ ውሃ ለብሷል። በዚያ እርጥበት ክር በሳምንት ይዝጋል።

እኔ የማሲንቆ መቺ ልጅ ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከአባቴ ጋር በየሠርጉ እየዘፈንኩ ስላደግሁ በጆሮዬ እተማመን ነበር።

ማንዶሊን ስምንት ክር አለው፤ ሁለት ሁለቱ አንድ ድምፅ ያወጣሉ። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ይባላሉ። መቃኘቱን በሁለት ቀን ያዝኩት። ኖታ ማንበቡ ግን ክረምቱን ሙሉ ፈጀብኝ።

የቡድኑ የማንዶሊን ቦታ አንድ ነበር። የፈለግነው ሁለት ነን፤ እኔና አህመድ፣ የባለሱቁ ልጅ። ፈተናው ላ ማይነር የሚባለውን ስኬል፣ የድምፅ መሰላሉን፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች መምታት ነው። ሰባት ድምፅ አለው፤ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል።

እኔ ቀደምኩ። ከላ ክር ተነስቼ ወጣሁ፣ ወረድኩ። ባሻ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"ሬ የት ሄደ? ሶልስ?"

ስወጣም ስወርድም ሁለቱን ዘልያለሁ። እኔ ሙሉ መስሎኝ ነበር። ወደቅሽ አሉኝ።

አህመድ ሰባቱንም መታ። ነገር ግን ከላ ጥንድ አንዱ ክር ላልቶ ያላዝን ነበር። ባሻ አልፈሃል አሉት።

"ባሻ፣ የኔን ስህተት ሰምተዋል። የሱን የላላ ክር አልሰሙም?" አልኩ።

ክሩን ከጎንደር የሚያስመጡልን አባቱ እንደሆኑ አስታወሱኝ።

"እንግዲያው አባቱን ይቅጠሩ። እኔ ልውደቅ፣ ግድ የለም። እሱም ይውደቅ።"

ቀድሞ የሳቀው አህመድ ነው። ክሩ መላላቱን እንዳልሰማም ሳያፍር ተናገረ። ባሻ ተቆጡ፤ ቆይተው ግን በሁለት ሳምንት ሁለታችንም እንደገና እንድንፈተን ፈቀዱ።

ማንዶሊኑ አንድ ስለሆነ አብረን ተቀመጥን። እኔ መቃኘት አሳየሁት፣ እሱ ኖታ አስነበበኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰባቱን ኖታዎች በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጻፈና የአባቴን ትዝታ እንዳንጎራጉር ጠየቀኝ። እየዘፈንኩ ያልነካሁትን አጠፋ። የጠፉት ሬና ሶል ነበሩ።

"አንቺ እኮ አልሳትሽም፣ የመታሽው የአባትሽን ቅኝት ነው" አለኝ።

ቁጭ ብዬ ሰሌዳውን አየሁት። አባቴ ፊደል አያውቅም ነበር።

በሁለተኛው ፈተና አህመድ ራሱ ቃኝቶ፣ አጥርቶ መታ። እኔም ሰባቱን ወጣሁ፣ ወረድኩ። ባሻ ሳያዙኝ አምስቱን ብቻ ደገምኩ፤ እያወቅሁ ሁለቱን ዘለልኩ።

"ይኼኛውን እንደገና" አሉ ባሻ። ሦስት ጊዜ አስመቱኝ። ከዚያ እርሳስ አውጥተው ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ያን ያህል ዓመት ኖታ ሲያስተምሩ ትዝታን በኖታ ጽፈው እንደማያውቁ ነገሩን።

ወደ አህመድ ዞረው ምን ትላለህ አሉት።

"ቦታው የሷ ነው። እኔ ክር አመጣለሁ" አለ።

ቡድኑ እስኪበተን ድረስ ማንዶሊን የመታሁት እኔ ነኝ። ክር ሳይቋረጥ ከጎንደር ያመጣልን የነበረው አህመድ ነው።

ኋላ እኔም አስተማሪ ሆንኩ። ተፈታኝ ሁሉ፣ የማንም ልጅ ቢሆን፣ መጀመሪያ ራሱ ይቃኛል። ኖታ የዘለለ ካለ ደግሞ ከቤቱ የሚያውቀውን ዘፈን አዘፍነዋለሁ። ማርክ የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።