ሞተር የማያጠፉት ጋሽ ጣሀ

ጋሽ ጣሀ ቁጭ ብለው አንድ ብርጭቆ ሻይ ሲጨርሱ አይቼ አላውቅም። ጋራዤ ደሴ ሰኞ ገበያ ጀርባ ስለሆነ በቀን ሦስቴ ብቅ ይላሉ፤ ሞተር ሳያጠፉ ይወርዳሉ፣ ግማሹን ጠጥተው ይሄዳሉ። ሰው በሚባክነው ቤንዚን ይስቅባቸዋል። እኔ ምክንያቱን ስለማውቅ አልስቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት ልጃቸውን ሳፊያን ከቦሩ ሜዳ በላይ ተራራው ላይ ባለው መንደሯ ሳለች ምጥ ያዛት። አባት አሮጌዋን ላንድክሩዘር ደጇ ላይ አጥፍተው ገቡ። ሲወጡ አልነሣ አለቻቸው። ጎረቤት በቃሬዛ ሆስፒታል እስኪያደርሳት ሕፃኑ አልቆየም። ከዚያ ወዲህ መኪና ማጥፋት ይፈራሉ።

ዘንድሮ ሳፊያ ዘጠነኛ ወሯን ስትይዝ የላንድክሩዘሯ ካርቡሬተር፣ ያ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ አርጅቶ ሊያልቅ ደረሰ። ጋሽ ጣሀን መቆምም መቀመጥም አቃታቸው።

"ኮምቦልቻ አዲስ አለ፤ ተነስ ሙንዚር" አሉኝ።

"እኔም ጋ ከቆመ መኪና የተፈታ አንድ አለ።"

"ለልጄ የሞተ መኪና ዕቃ? ወላሂ አላደርገውም።"

ኮምቦልቻ ወረድን። አዲሱ ያብረቀርቃል። እዚያው ገጠምኩት፣ ከተማውን ሁለት ዙር ነዳን፣ የሞተሩ ድምፅ ለሰለሰ። እኔ ሃያ ዓመት የሠራሁ መካኒክ "ልክ ነው" አልኩ። የሳቸው ጥድፊያ ተጋብቶብኝ ነበር፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ወደ ደሴ ስንመለስ የሐረጎን ዳገት ስናጋምስ መኪናዋ ጥቁር ጭስ ተፋች። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ የአዲሱ ጂግለር፣ ያቺ ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳ፣ ለቆላ ሰፍታ የተሠራች ናት። ሞተሩ በቤንዚን ታነቀ።

"ይሄ ለሜዳ ነው" አልኩ አፍሬ።

"ልጄ ሜዳ ላይ አይደለችም" አሉ መሪውን በመዳፋቸው እየመቱ።

እየተንፏቀቅን ደሴ ገባን። ጋራዤ ያስቀመጥኩትን ዝገታሙን ካርቡሬተር አወጣሁት። የተፈታበት መኪና ዕድሜውን የፈጀው በደሴ ዳገት ነው፤ ጂግለሩም ጠባብ ናት። አጥቤ፣ ማሸጊያውን ጓርኒሲዮን ቀይሬ ስገጥመው መሐላቸውን ትተው መፍቻ ያቀብሉኝ ነበር። የመጨረሻውን ብሎን ሳጠብቅ ስልካቸው ጮኸ። የሳፊያ ባል ነበር፤ ምጡ ጀምሯታል።

መሞከሪያ ጊዜ አልነበረም። መኪናዋ ብትቆም ጥፋቱ የኔ ነውና አብሬ ገባሁ። "አብሽሩ፣ አይዞዎት" አልኳቸው። መንገዱን ሙሉ ሁለታችንም የምናዳምጠው ሞተሩን ብቻ ነበር። በዳገቱ ላይ አንዴ እንኳ አልተንተፋተፈችም። ሳፊያንና ባሏን ጭነን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ደረስን።

ሳፊያ ከገባች በኋላም ጋሽ ጣሀ መሪውን ይዘው፣ ሞተሩን እንዳስነሡ ግቢው ውስጥ ቀሩ። ዘበኛው "አባቴ፣ ደርሰዋል እኮ፤ ያጥፏት" አላቸው፤ አልሰሙትም። እኔ የቤንዚን መለኪያው መርፌ ሲወርድ አያለሁ። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲሁ ቆየን።

አማቻቸው እየሮጠ መጣ። "ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ።"

ጋሽ ጣሀ ግንባራቸውን መሪው ላይ አሳርፈው አለቀሱ። ከዚያ ሞተሩን አጠፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

"ሙንዚር" አሉ፣ "እዚህ ሻይ የት ይገኛል?"