የተገለበጠው አንሶላ

ዶርቃ ተጸያፊ ናት። ሰው ቤት ውሃ ሲሰጧት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታ ሳታይ አትጎነጭም፤ ባቡር ውስጥ ብረቱን በክንዷ ታቅፈዋለች እንጂ በመዳፏ አትነካውም። ጓደኞቿ «ዶርቃ ሠርግ ቤት ማንኪያዋን ይዛ ነው የምትሄደው» እያሉ ይቀልዱባታል። ውሸታቸውን አይደለም፤ አንድ ጊዜ ይዛ ሄዳለች።

ታዲያ ይህች ሴት እንጀራዋን የምታገኘው ከሰው ቆሻሻ ነው። ፍራንክፈርት ከዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ባለው ሰፈር፣ ባንሆፍስፊርቴል፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። በቀን አሥራ ስድስት ክፍል። ክራቫት ያሰረ ሁሉ ሰው ይመስላችኋል? ሲወጣ ጠብቃችሁ መታጠቢያ ቤቱን እዩለት። ከትራስ ሥር የተቆረጠ ጥፍር፣ ከቡና ስኒ ውስጥ ምራቅ፣ ከፎጣ ላይ የጫማ ቀለም! ዶርቃ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ስታነሳ አንድ ቀን እንኳ አልለመደችውም። ዛሬም ጓንት ደርባ፣ ትንፋሿን ይዛ ነው የምትገባው።

እናቷ ይህን አያውቁም። ወይዘሮ አዲስዓለም የሚያውቁት ልጃቸው «ሆቴል እንደምትሠራ» ብቻ ነው። ዶርቃ መጀመሪያ ላይ እንግዳ እቀበላለሁ አለች፤ እናቷ ያሉበት ዲላ ሲደርስ ነገሩ አደገና የሆቴል ኃላፊ ሆነች። ጎረቤቱ ሁሉ ያንን ሰምቶ እልል ካለ በኋላ ማን ያስተካክለዋል? እሷም ዝም አለች።

ከእናቷ ጋር ከተለያዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ጀርመን ለስደተኛ የምትሰጠው ሰማያዊ ፓስፖርት ወደ ሌላው አገር ሁሉ ያስኬዳል፤ የማያስኬደው እናቷ ወዳሉበት አገር ብቻ ነው። እናትየው ደግሞ ሦስት ጊዜ ቪዛ ጠይቀው ሦስት ጊዜ ተከልክለዋል። እንደነሱ ያለ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ሁለቱንም የምታስገባ ሦስተኛ አገር ፈለጉ። ቲኬት የሚቆርጠው ኣሚር ካርታውን ሲያገላብጥ ቆይቶ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ አንዲት ደሴት አገኘ። ከአዲስ አበባ በሳምንት ሁለቴ አውሮፕላን ይሄዳል። ከተማዋ አንድ መንገድና አንድ ወደብ ናት።

ክፋቱ ቀኑ አልገጥም አለ። እናትየው ማክሰኞ ጠዋት ይደርሳሉ፤ ዶርቃ ግን ፍራንክፈርት የንግድ ትርኢት ሳምንት ስለሆነና ፈቃድ ስላልሰጧት ማክሰኞን ሠርታ አመሻሹ ላይ በሌላ መስመር ነው የምትነሳው። ስለዚህ አሮጊቷ ቋንቋ በማያውቁበት አገር አንዷን ሌሊት ብቻቸውን ያድራሉ። ዶርቃን እንቅልፍ የነሳት ይህ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያላየቻት እናቷ የመጀመሪያ ሌሊቷን የት ትተኛ?

«አልጋማ ሞልቷል» አላት ኣሚር፣ ኮምፒውተሩን ወደሷ አዙሮ። «ይሄ የሀብታሞቹ ነው፣ እለፊው። የአንድ ሌሊቱ ዋጋ የአንቺ የወር ደሞዝ ነው። የኛ እነዚህ ሦስቱ ናቸው።»

ዶርቃ ፎቶውን በሁለት ጣቷ ለጠጠችው። «መጋረጃው ለምንድነው መስኮት በሌለበት የተሰቀለው? ከኋላው ሻጋታ አለ።»

«እሺ፣ ሁለተኛው?»

«ወለሉን ተመልከት። አልጋ ልብሱ በአንድ በኩል ብቻ መሬት ድረስ ወርዷል። የሆነ ነገር ሸፍነዋል። ኡፍ፣ ዝጋው!»

«አንቺ ልጅ፣ አልጋ ነው የያዝሽው ወይስ ምርመራ?» አለ ኣሚር።

ሦስተኛውን ግን አስጠግታ አየችው። ጠባብ ክፍል ነው፤ ጌጥ የለውም። የአንሶላው ማዕዘን ግን እንደ ፖስታ ታጥፎ ከፍራሹ ሥር ገብቷል፤ ላዩ ከበሮ እስኪመስል ተወጥሯል። እንዲህ የሚያነጥፍ ሰው ሥራውን ያውቃል። እሷም እንዲሁ ነው የምታነጥፈው።

«ይሄን ያዝልኝ» አለች። በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው አልጋ አይታ አልተጸየፈችም።

ማክሰኞ ዕለት ዶርቃ የምትሠራበት ሆቴል ጢም ብሎ ሞልቷል። ልብስ አጣቢው ድርጅት ዘግይቷል፤ ንጹሕ አንሶላ አልቆ ጋሪዋ ላይ የቀረው አንድ ብቻ ነው። አለቃዋ፣ ሁሉም «ሼፊን» የሚሏት ቀጭን ሴት፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ሆና ሰዓቷን እየነካካች አየቻት። ይህ ምልክት ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ሌሊት ብቻ የተተኛበት አንሶላ አይቀየርም፤ ይገለበጣል። የታችኛው ወደ ላይ፣ የላይኛው ወደ ታች፤ ከዚያ ወጥሮ ማዕዘኑን እንደ ፖስታ ማጠፍ። ለአዲሱ እንግዳ ንጹሕ ነው።

ዶርቃ መጀመሪያ ሰሞን አልገለብጥም ብላ ነበር። ጡረታ ለመውጣት የተቃረበች ኤርትራዊት የሥራ ባልደረባዋ፣ ራሕዋ፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ አሥራ ስድስቱን ክፍል በሰዓቱ ካልጨረስሽ ፌርትራግሽን አያድሱልሽም» ብላ እጇን ይዛ አሳየቻት። ውሉ ታደሰላት። ከዚያ ወዲህ ስንቱን እንደገለበጠች አታውቀውም፤ ለማወቅም አትፈልግም። ስትገለብጥ ሁልጊዜ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

አራት መቶ አሥራ ሁለት ቁጥር ገባች። ወፍራም ሰውዬ ያደረበት ነው፤ ላቡ ገና ይሸታል። አንሶላው መሐል ላይ አጭር ጥቁር ጸጉር ተበትኗል። ፊቷን አዞረችና ገለበጠችው፣ ወጠረችው፣ ማዕዘኑን አጠፈችው። ስልኳ ጮኸ፤ ስታነሳው የእናቷ ፊት የስልኩን መስታወት ሞላው።

«እማዬ! ደረስሽ? ክፍልሽ ገባሽ?»

«ገባሁ!» አሉ ወይዘሮ አዲስዓለም። ፊታቸው በንዴት ቀልቷል። «ገባሁና ምን አየሁ!»

ወይዘሮ አዲስዓለም አልጋ ሳይገልጡ አይተኙም። ቡና ለመሸጥ አዲስ አበባ ሲመላለሱ አውቶቡስ ተራ ያሉ አልጋ ቤቶች ያስተማሯቸው ነው፤ ሻንጣ መሬት ሳይነካ መጀመሪያ ትኋን ይፈለጋል። እዚያም ደርሰው ያንን የተወጠረ አንሶላ ከነማዕዘኑ ነቅለው ገለጡት። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

«ከላይ ነጭ፣ ከታች የሰው ላብ! ካርታ ሠርቶ ደርቋል! ጸጉር አለ፣ ጥፍር አለ። ገልብጣ አንጥፋብኝ! ደግሞ ያነጠፈችው ልጅ ቆማ ታየኛለች። አንሶላውን ፊቷ ላይ አራገፍኩላት። ምን ዓይነት እናት ናት ይቺን ያሳደገች? እናትስ አላት?»

ዶርቃ የእንግዳው አልጋ ላይ ቁጭ አለች። ያንን ማዕዘን እንዴት አመነችው? የገዛ እጇን የሚመስል ሥራ ፎቶ ላይ አይታ «ንጹሕ» ያለች እሷ ናት። በዚህ ሁሉ ዓመት ከለቀመችው ቆሻሻ ሁሉ እንደዚህ ያስጠላት አልነበረም። ያስጠላቻት ራሷ ናት።

«እማዬ» አለች፣ «ልጅቷን አትሳደቢ።»

«ለምን አልሳደብ?»

«እኔም እንደሷ ነኝ። ኃላፊ አይደለሁም። ክፍል ነው የማጸዳው። እኔም እገለብጣለሁ። አሁን ስትደውዪ ገልብጬ መጨረሴ ነበር።»

ወይዘሮ አዲስዓለም አዩዋት፤ ዩኒፎርሟን፣ ጓንቷን፣ ከኋላዋ ያለውን ትራስ። ዶርቃ ስምንት ዓመት የፈራችው ይህን እይታ ነው። አሁን ዲላ ምን ይባላል፣ ጎረቤት ምን ይላል ብለው የሚያለቅሱ መሰላት።

«የተቀመጥሽበት ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«እ?»

«የገለበጥሽው አልጋ፤ አሁን የተቀመጥሽበት ነው?»

«አዎ።»

«ተነሺ ከሰው አልጋ ላይ!» ብለው ጮኹ፤ ዶርቃ እንደ ሕፃን ብድግ አለች። «ማጽዳትሽን ስምንት ዓመት ደበቅሽኝ? እኔስ የሰው ቡና ስለቅምና ስሸጥ አይደለም ወይ ያሳደግሁሽ? ሥራ ምን ነውር አለው? ነውሩ ይሄ ነው! አንሶላ ገልብጠሽ ሰው እንድታስተኚ ነው ያሳደግሁሽ? ለውጪው። እያየሁሽ ለውጪው።»

ዶርቃ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ወጣች። ከጋሪዋ የመጨረሻውን ንጹሕ አንሶላ አነሳች። ሼፊን ከኮሪደሩ ጫፍ ሰዓቷን ነካ ነካ አደረገች፤ ዶርቃ አየቻትና በሩን ዘጋችው። የቆሸሸውን ነቀለች። በዚህ ጊዜ ፊቷን አላዞረችም፤ ላቡንም ጸጉሩንም አየችው፣ ጠቅልላ ከረጢት ውስጥ ከተተችው። አዲሱን ዘረጋች፣ ወጠረች፣ ማዕዘኑን አጠፈች።

ስትጨርስ የስልኩ መስታወት ላይ ሁለት ሰው ነበር። ከእናቷ ትከሻ ኋላ ዓይኗ ያበጠ አንዲት ለጋ ልጅ፣ የታጠፈ ንጹሕ አንሶላ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች።

«አምጥታለች» አሉ ወይዘሮ አዲስዓለም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይቅርታ በነሱ ቋንቋ ምንድነው?»

«አላውቅም እማዬ።»

«እንግዲያው አብረን እናነጥፈዋለን፤ ይገባታል።» ስልኩን ሊዘጉ ጣታቸውን ሰደዱና ተመለሱ። «አንቺ ግን ነገ ስትመጪ፣ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ። ከዚያ ነው የምትስሚኝ።»