የሚዜው ባስና የእናቴ በር

መኪናው ውስጥ ቁም ሳጥን የሚያህል የባስ ድምፅ ማጉያ የሚያስገጥም ሰው አልወድም። አልወድም ስል ቀለል አድርጌ ነው፤ እንቀዋለሁ። ከመገናኛ ወደ ጉርድ ሾላ ስሄድ መብራት ይዞኝ ቆሜ፣ ታርጋው እየተንገጫገጨ ከኋላዬ የሚመጣ መኪና ስሰማ፣ ሳልዞር የሹፌሩን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። መቀመጫውን ወደ ኋላ ለጥጦታል፣ በአንድ እጁ መሪ ይዟል፣ መንገደኛው ሁሉ እያየኝ ነው ብሎ ያምናል። ማንም አያየውም። መንገደኛው ጆሮውን ይዞ ይሄዳል።

እህቴ ስታገባ ከእነዚህ አንዱ ቤታችን ድረስ መጣብን። ሙሽራው አልነበረም። ሙሽራው ጨዋና ለሁሉም እሺ ባይ ልጅ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነበር፣ ምክንያቱም እሺ ካላቸው ሰዎች አንዱ አንደኛ ሚዜው ነው። ሚዜው አሮጌ ቪትዝ አለችው። የሰርጉን አጀብ እሷ እንድትመራ ወስኗል፤ ለዚያም ቀን "ደረት የሚመታ" ባስ ያስፈልጋታል ብሏል። እኔ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ስለምሠራ፣ ገመድ ያውቃል ተብዬ ዕቃውን አብሬ እንድመርጥ ተጠራሁ። የሙሽሪት ወንድም ሆኖ ለሚዜ እምቢ ማለት ነውር ነውና ሄድኩ።

ጉርድ ሾላ የወሰደኝ ሱቅ ከመኪናዋ ብዙም አይሰፋም። ሻጩ እሳት የላሰ ነው። ግድግዳው ላይ እስከ ጣሪያ ካርቶን ደርድሯል፤ በየካርቶኑ ላይ ወይ የነብር ወይ የእሳት ሥዕል አለ፣ ከሥዕሉ ሥር ደግሞ ትልቅ ቁጥር። ሦስት ሺህ ዋት። አምስት ሺህ ዋት። ሚዜው የሚያየው ዕቃውን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። አንዱን ካርቶን ገልብጬ ከሥር በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ሌላ ቁጥር አሳየሁት። ትልቁ ቁጥር ለአንዲት ቅጽበት ሳይቃጠል የሚችለው ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት ግን ይህ ትንሹ ነው፣ እሱም የትልቁን አንድ አሥረኛ አይሞላም አልኩት። አንድ ሰው ከደረጃ ወድቆ የተንከባለለበትን ፍጥነት ሩጫዬ ነው ቢል ታምነዋለህ ወይ ብዬም ጠየቅሁት። ሳቀ። ሲጨርስ አምስት ሺሁን አንሡልኝ አለ።

እሱም አንድ አልበቃውም፣ ሁለት አለ። ለዚህች መኪና በደንብ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያለ አንድ መካከለኛ ባስና እሱን የሚመጥን አምፕሊፋየር ይበቃታል፣ ድምፁም ንጹሕ ይሆናል አልኩ። "ንጹሕ" ስል ሻጩና ሚዜው ተያዩ። በዚያች ቃል ከሽማግሌዎች ተራ ገባሁ።

"ብሮ፣ ንጹሑን ማን ይሰማዋል?" አለኝ ሚዜው። "መስታወት መንቀጥቀጥ አለበት።"

ይህቺ ትንሽ ባትሪ ሁለቱን ትሸከማለች ወይ ብዬ ሻጩን ጠየቅሁ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ሦስትም ትሸከማለች አለኝ።

መግጠሙ ከመምረጡ ባሰ። ከባትሪው ተነስቶ ኋላ ድረስ የሚሄደው ገመድ ወፍራም መሆን አለበት። ሻጩ ያመጣው ከውጭ ሲያዩት አውራ ጣት ያህላል፤ ጫፉን ስልጠው ግን ውስጡ ያለው ሽቦ ለስልክ ቻርጀር የሚሆን ነው። የወፈረው ፕላስቲኩ ነበር። ለሚዜው ባሳየው፣ ቀለሙ ቀይ በመሆኑ ደስ አለው። ቀጥሎ የአምፕሊፋየሩ ጥቁር ገመድ የመኪናዋን ባዶ ብረት መንካት ስላለበት፣ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ትንሽ ይፋቅ አልኩ። እዚህ ላይ ሚዜው የልጁን ቆዳ የሚገፉበት ያህል ደነገጠ። መኪናዋን ለመሸጥ ያስባል፣ ቀለሟ አይነካም። ብሎኑ በቀለሙ ላይ ታሰረ። በመጨረሻ ሻጩ ካቻቢቴ አንስቶ፣ ከቴፑ የሚመጣውን ድምፅ ለአምፕሊፋየሩ የምትመጥነውን ትንሽ ማስተካከያ እስከ ጫፍ አዞራት። እሷ ድምፅ መጨመሪያ አይደለችም፣ እንዲህ ስትዞር ዘፈኑ ይቀደዳል አልኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ለሙከራ ግማሽ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ የመኪናዋ ጣሪያ ላይ አቆሙና ባሱን ለቀቁት። ጠርሙሱ እየተንቀጠቀጠ ሄዶ ወደቀ። ሻጩና ሚዜው ተጨባበጡ። ዘፋኙ ወንድ ይሁን ሴት እስካሁን አላውቅም። ብጠይቃቸው እነሱም አያውቁም ነበር፤ ግን ይህ እንደ ጉድለት አልታያቸውም። ጠርሙስ ለመጣል ይህን ሁሉ የሚደክም ሰው ድንጋይ ቢወረውር ይሻለው ነበር።

በዚያ ሰሞን ቤታችን ሌላ ድምፅ ይሰናዳ ነበር። የምንኖረው ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። እናቴ ከሥራ መልስ የሰፈሩን ልጃገረዶች ግቢያችን ሰብስባ በር መዝጋት ታለማምዳለች። ሙሽራው ሙሽሪትን ሊወስድ ሲመጣ ወገኖቿ በሩን ይዘው እየዘፈኑ አናስገባም ይላሉ፤ ሚዜዎቹ ይለምናሉ፣ ያባብላሉ፣ ሽቶ ይረጫሉ፤ ከብዙ ልመና በኋላ ይከፈትላቸዋል። ዛሬ ዛሬ ለቪዲዮ ያህል ይነካካና ያልቃል። እናቴ ግን የምሯን ነበር። በኦሮምኛም በአማርኛም ግጥም የምታወርድ አክስቷን ከእንጦጦ ራጉኤል በኩል አስመጥታ፣ ልጃገረዶቹ ከእሷ አፍ እየተቀበሉ እንዲያጠኑ አድርጋለች።

አንድ ቀን ለዚህ ነገር ምን ይህን ያህል አደከመሽ አልኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር።

"ለእኔ በር የዘጋ የለም" አለችኝ።

ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ቤተሰቧ አባቴን አልወደዱትም ነበርና ሁለቱ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈርመው፣ ታክሲ ይዘው ወደተከራዩት ቤት ገቡ። አትሄድም ብሎ የያዛት የለም፣ ስጡኝ ብሎ የለመነላትም የለም። አባቴ ደግ ባል ሆኖ ነው የሞተው፤ ይህ ግን አብሯት ቀርቷል። ያልተከለከለች ልጅ መንገድ ላይ እንደወደቀ ዕቃ ናት፣ ያገኘ ያነሳታል፣ ልጄን ግን ለምነው ነው የሚወስዷት አለች። ልብሱን አጥፋ ጨርሳ ተነሳች።

ያኔ ነው ለሙሽራው ደውዬ፣ በራችን ከመድረሳችሁ በፊት ያንን ጉድ አጥፉት፣ ለእናቴ ትልቅ ነገር ነው ያልኩት። እሺ አለ። ለሚዜው ነገረው፣ እሱም እሺ አለ። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል፤ የሚዜው እሺ ግን ካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው ዋት ነበር።

የሰርጉ ቀን አጀቡን ከማየታችን በፊት ጥርሳችን ውስጥ ሰማነው። ገና ከዳገቱ ሥር ሳሉ የአጥራችን ቆርቆሮ መርገፍገፍ ጀመረ። እኔ በረንዳው ላይ ከዘመዶች ጋር ቆሜ ነበር። ቪትዟ ደጃችን ቆመች፣ በሮቿ በሙሉ ተከፈቱ፣ ሞተሯ ጠፋ፣ ባሱ ቀጠለ። ልጃገረዶቹ በሩን ይዘው ዘፈኑ። አፋቸው ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ፣ አንዲት ቃል አትሰማም። የእናቴ አክስት የአንገቷ ሥር እስኪገተር ጮኸች። ሚዜዎቹ የሚያጨበጭቡና የሚዘፍኑ ሴቶች ሲያዩ እየተቀበሏቸው መሰላቸው። ትከሻቸውን እየሰበቁ በመካከላቸው አልፈው ገቡ። አልለመኑም፤ እንደተከለከሉ አልሰሙማ። ልጃገረዶቹም ግራ ተጋብተው እየተያዩ መንገዱን ለቀቁ።

ሰው እየገፋሁ ወርጄ በሚዜው ጆሮ፣ አጥፋው፣ እየዘፈኑ እኮ ነው ብዬ ጮህኩ። አውራ ጣቱን ቀስሮ ሳቀልኝ፤ ባሱን ያደነቅሁለት መስሎታል። ራሴ ልነቅለው ወደ መኪናዋ ሮጥኩ። ሳልደርስ ባሱ በራሱ ጸጥ አለ። ሞተሯ ጠፍቶ እንዲያ ስትመጠጥ የቆየች ትንሽ ባትሪ ከዚህ በላይ ምን ታድርግ? ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው፤ በሌላ ቀን ቢሆን በደስታ እስክስታ እመታ ነበር። ግን ዞር ስል እናቴን አየኋት። ወለል ብሎ በተከፈተው በር አጠገብ፣ እጇን መወርወሪያው ላይ አድርጋ ቆማለች።

ቪዲዮ ቀራጩ አሪፍ ወጥቷል አለ። እናቴ ሰማችውም አልሰማችውም፣ በረንዳው ደረጃ ላይ ወደ ደረሰው ሙሽራ ሄደች።

"ልጄ፣ ውጣና እንደገና ና" አለችው።

ሚዜው ጣልቃ ገብቶ፣ እማማ ገብተናል እኮ፣ እንጦጦ ፓርክ ፎቶ አንሺ እየጠበቀን ነው አላት። ዞራ አላየችውም። ሙሽራው እሺ አለ፤ የዚያ ልጅ እሺታ አንድ ቀን ለቁም ነገር ዋለ። ሚዜዎቹ ቪትዟን ሊገፉ ስለሄዱ የወጣው ብቻውን ነበር። እናቴ በሩን ራሷ ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት። እኔም ከጎኗ ትከሻዬን አስጠጋሁ።

ልጃገረዶቹ ሊዘፍኑ ሞከሩ። ከባሱ ጋር ሲጯጯሁ ጉሮሯቸው ተዘግቶ ነበር፤ የእናቴ አክስትም አፏን ስትከፍት ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሙሽራው አንኳኳ።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ እማማ። ልጅዎን ልለምን ነው የመጣሁት። እባክዎ ይክፈቱልኝ።"

"አልሰማሁም።"

ደገመው። አሁንም አልሰማሁም አለችው። አጃቢም ዘፈንም የለውም፣ በገዛ ድምፁ መናገር ነበረበት። ሙሽሪትን እንደሚወዳት፣ እንደሚያከብራት፣ ሳይዛት እንደማይመለስ እየጮኸ ተናገረ፤ መሐል ላይ ድምፁ ተሰበረ። እህቴ በሙሽራ ልብሷ በረንዳው ላይ ወጥታ ትሰማዋለች፣ እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች።

ወደ እናቴ ጠጋ ብዬ፣ በቃ እማዬ፣ ለምኗል፣ እሷም ሰምታለች አልኳት።

"የእሷ አልቋል" አለችኝ ቀስ ብላ። "ይሄኛው የእኔ ነው።"

ከዚያ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ አልሰማሁም አለችው። እኔም ትከሻዬን ከብረቱ አላነሳሁም።