ባዶ እጁን ቢመጣ

ከእንፍራንዝ በላይ አንዲት ጉብታ አለች። ዛሬ ገብስ ይዘሩባታል። እኔ ግን በአጠገቧ ባለፍኩ ቁጥር ጉልበቴ ያውቃታል።

«ጎህ ሳይቀድ ጉብታውን ያዙ» የሚል ትእዛዝ ከአለቃችን ከአያ ተሰማ መጣ። ጣልያን ከታች መንገዱን ይዟል። አርባ ያህል አርበኞች ነበርን። የኔ ሥራ ውሃ በቅል መሸከም፣ ጥይት ማቀበል ነው። ተኩሼ አላውቅም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ከመካከላችን ሞላ የሚባል የፀዳ መንደር ልጅ ነበር። ጥይት ባፏጨ ቁጥር አንገቱን ይቀብራል።

«ምነው ሞላ፣ ጎንበስ ጎንበስ አበዛህ፤ የጠፋብህ ነገር አለ?» ይሉታል።

«አዎ፣ ነፍሴን እየፈለግኋት ነው።»

እንስቃለን።

ሳይነጋ ጉብታውን ያዝን። ረፋዱ ላይ መድፍ ጀመረ። ቀትር ላይ ጥይት አለቀብን። «ወደ ወንዙ ውረዱ!» አለ አያ ተሰማ። ወረድን። እኔ ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቴን ተመታሁ፤ ቅሉም ተሰበረ። ሰዉ በአጠገቤ አለፈ። አልፈርድም፤ ሁሉም ጠመንጃውን ይዞ ነበር።

ሞላ ቆመ። የጠመንጃው ማንገቻ ከተበጠሰ ሰንብቷል፤ ጠመንጃዋንም እኔንም መያዝ አይችልም። ድንጋይ ሥር ጣላትና አዘለኝ። እኔ በሕመም እጮኻለሁ፣ እሱ ያለከልካል።

«እቴ፣ ከጠመንጃዬ አንቺ ትከብጃለሽ። እሷስ ዝም ትላለች።»

ወንዙ ዳር ከቋጥኝ ጀርባ አስቀመጠኝና ዳገቱን ዞሮ አየው።

«ተዋት» አልኩት።

«ያለ ጠመንጃ እናቴ ፊት አልቆምም።»

ሄደ። አልደረሰባትም።

ጠመንጃዋን ጣልያን ወሰዳት። በማግስቱ የኛ ሰዎች ሬሳውን ባዶ እጁን አገኙት። «ሞላ መሣሪያውን ጥሎ ሲሸሽ ሞተ» ተባለ። እኔን ከቋጥኙ ጀርባ ሲያነሡኝ ትኩሳት ጥሎኝ ነበር፤ ስነሣ ወሬው ፀዳ ገብቷል። ከዳንኩ በኋላስ? ዝም አልኩ። «ባንቺ ጦስ ሞተ» እንዳይሉኝ ፈራሁ።

ንጉሡ ተመልሰው አገር ከረጋ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ እናቱ እማማ ጥሩነሽ እንደ ምንም ብለው ተዝካሩን አወጡ። በኛ አገር ጀግና ሲለቀስ ጠመንጃው ተይዞ ይዞራል። የሞላ ጠመንጃ ስለሌለች ከጎረቤት ለመኑ። አልቃሿ የውሰቱን ጠመንጃ ከፍ አድርጋ፣ ስንቱን ጣልያን እንደ ጣለ፣ ጉብታውን ብቻውን እንደ ያዘ ገጠመች። ሸጋ ግጥም ነበር። ሰዉ ደረቱን መታ። የእማማ ዓይን ግን ደረቅ ነው። ድንገት ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ እዚያ ነበርሽ። እውነት ይሄ ልጄ ነው?»

ከጉልበቴ ጀምሬ ነገርኳቸው። «እሷስ ዝም ትላለች» ያለውን ስነግራቸው፣ በልቅሶው መሐል ሳቁ።

«አዎ! ይሄ ልጄ ነው!» አሉ። «ከዚያስ?»

የቀረውንም ነገርኳቸው፤ ምን ብሎ እንደ ተመለሰም ነገርኳቸው።

እማማ ተነሡ። ጠመንጃውን ከአልቃሿ እጅ ተቀብለው ለባለቤቱ መለሱ።

«ባዶ እጁን ቢመጣ ምን ነበረበት?» አሉ። ያኔ አለቀሱ። አልቃሿ ግጥም ፈለገች፤ እጁ ባዶ ለሆነ ሰው የሚሆን አልነበራትም። እንደኛው አለቀሰች።

እኔም ከዚያ ወዲህ ይህን እየነገርኩ አገር ላገር እዞራለሁ፤ ልቅሶ ቤት ፉከራ ስሰማ አልነቅፍም። ፉከራ ባይኖር ያን ጉብታ ማን ይወጣው ነበር? ያን ቀን ሰባት ሰው ሞተብን። ሁሉንም ጥይት ነው የገደላቸው፣ ሞላንም ጭምር። እሱን ግን ወደ ጥይቱ የመለሰው ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

እናንተም ልጃችሁ ከጦር ሲመለስ መጀመሪያ እጁን አትዩ።